ቀስሪ

ሰው ላይ ጣት አይቀሰርም፣ ትል ነበር እናቴ፣
«ይደርቃል፣ አንቺ ልጅ!» እያለች፣ ከሕፃንነቴ።
እኔ ግን ቀስሬአለሁ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣
ሽማግሎቹ ፊት፣ በሙዘይን ላይ፣ ያውም ይህችን ጣት፤
«ይኸው! የሦስት ኩንታል በቆሎ ገንዘቤን የበላ!»
ለሳምንት ቀጠሩን፤ ሌላ ምን አለ መላ።

ሐሙስ ነው። ለጅማ ገበያ፣ ሂርማታ ለመድረስ፣
የግልገል ግቤን ግድብ መሻገር፣ ዶፉ ሳይፈስ።
ዘጠኝ ነን፤ አሥረኛው እሱ፣ ሮጦ መጨረሻ የገባ፣
ሰላምታዬን ውጦ ዝም ያለ፣ ጆንያው ጀርባ የሚያደባ።
ሸራው የማዳበሪያ ከረጢት፣ በሲባጎ የተጣፈ፣
አባ ራያ አንዴ ሰማይ አየ፣ አንዴ እኛን፤ ምንም አላለም፣ ቀዘፈ።

መሐል ላይ ነው የመጣው።
የሐምሌ ነፋስ አይጣራ፣ በር አያንኳኳ፣
ውሃው እንደ ግድግዳ ቆመ፣ በጎኗ ተኛች ታንኳ፣
ሸራው እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ የተወጠረበት አጣና ዞሮ
ሙዘይንን ትከሻው ላይ መታው።
ሰው ሲወድቅ ይጮኻል የሚሉት ሐሰት ነው።
አንድ «ጧ»።
ከዚያ የተቀመጠበት ጆንያ፣ አንድ እግር ጫማው።

ሁሉም ብድግ አለ። አንዱ ሊዘል ሸሚዙን ፈታ፣
«ተቀመጡ!» አለ አባ ራያ፣ «ሁለት ሬሳ አልጎትትም ማታ!»
ወደ እኔ ዞረ፦
«ረውዳ! ቀስሪ!»
«እ?»
«ጣትሽን! ወደሱ! ሌላ ሥራ የለሽም፣
ያለበትን እንዳትረሺ፤ ሰማይ ቢናድ ዓይንሽን አትነቅይም።»

ቀሰርኩ።
ማዕበሉ ሲነሣ ይጠፋል፣ ሲወርድ ብቅ ይላል፣
አንዴ ራስ፣ አንዴ የደረቀ ግራር ይመስላል፣
ግድቡ ሲሞላ ከነቁመቱ የሰመጠ ጫካ፤
ሰው ከሩቅ፣ ውሃ ላይ፣ ከጉቶ አይለይም ለካ።
ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አልጠረግሁም።
ክንዴ ደነዘዘ፤ በግራዬ ደገፍኩት፣ አላወረድሁም።

ከኋላዬ የምሰማው፣ ሸራው ሲወርድ፣ ገመድ ሲፈታ፣
ቢጫዋ የዘይት ጀሪካን፣ ክዳኗ ጠብቆ፣ አየር ብቻ ሞልታ
በገመድ ታስራ ስትወረወር። «አልፈሽ ጣይው፣ ከማዶው፣
ገመዱ ላዩ ላይ ይውደቅ፣ ስንስብ እጁ እንዲይዘው።»

«ቀኝ!» አልኩ፣ «ወደ ቀኝ! አሁን ቀጥ!» አፍንጫዋ በጣቴ ዞረ፣
ነፋሱን ፊት ለፊት ገጠመች፤ ፍጥነቷ ጥቂት በጥቂት ቀረ።
አባ ራያ አይቸኩልም፤
የቸኮለች ታንኳ የሄደችለትን ሰው ትረግጣለች፣
በጎኗ ከሳቡበትም ከነነፍሳችን ትገለበጣለች።
በጅራቷ በኩል፣ ብብቱ ሥር ገመድ አሳልፈው፣
እንደ እርጥብ ጆንያ ወጣ፤ ጣቱ ጀሪካኗን እንደጨበጠ ነው።

እርጥቡን ልብስ ገፈፉት። የአንዷ ሻርፕ፣ የአንዱ ኮት፣
ከሰው መሐል፣ ከሰው ሙቀት፣ አቅፈው አስቀመጡት።
እኔ ግን ያው ነኝ፤
ባዶው ውሃ ላይ፣ እሱ በነበረበት፣ እንደቀሰርኩ።
«ልጄ፣ አውርጂው። ሰውየው እዚህ ነው» ሲለኝ እንኳ አልሰማሁ።
እጄን ራሱ አጠፈልኝ፣ እንደ ሰው ዣንጥላ።

ሰኞ፣ ከዋርካው ሥር። «ያለበትን ተናገሪ» አሉኝ፣
ጣቴ ከሻርፔ ሥር ሊነሣ ሲል ታገለኝ።
እሱ ቀድሞ ተነሣ፤ ድምፁ እስካሁን ውሃ አለበት፦
«ያለብኝን እሷ ታውቃለች። አንዴም አልጠፋባት ያለሁበት።»

ሁለቱን ኩንታል ከፈለ። አንዱ ዛሬም አለ።
ዝናብ ሲያንዣብብ ክንዴን ይጠዘጥዘኛል፤
ጣቴ ግን አልደረቀም፣ እንዳለ።