የቁልፍ ከተማ

መስካቲን ላይ፣ አዮዋ፣ ከሰፊው ወንዝ ዳር፣
ዛጎል ከጭቃ ወጥቶ ቁልፍ ይሆን ነበር፤
የሸሚዝ ቁልፍ፣ ነጭ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ።
እህቴ ሄስተር ስትበሳው ውላ ማታ ስትመለስ
ቅንድቧ አመድ መስሎ፣ ሳሏ አቧራ አቧራ፣
ራቷን ሳትበላ ትመጣለች፣ ሲኒማ ቤት፣ ከኔ ጋራ።
የፊልም ማሽን አዟሪ ነበርኩ፤
ስንት ባቡር፣ ስንት ፈረስ በክንዴ ጉልበት አስጋለብኩ።

ፊልሙ ያኔ ዲዳ ነው፤ ከመጋረጃው ሥር ፒያኖ አለ፤
ኦቲሊ ብራንድማየር ጣቷን ስታሳርፍ ሥዕሉ ቃል አበቀለ።

አንዱ ጥቅል አልቆ ሌላውን እስካጎርሰው
አራት ደቂቃ ጨለማ ነው።
በጦርነቱ ዓመት ያን ጨለማ የሚሞላው
ጥርስ ሐኪሙ ታገርት ነው፣ ሰዓቱን በመዳፉ ይዞ የሚመጣው።
አይጮህም። አይሳደብም።
ጥርስ እንደሚነቅለው ነው የሚናገረው፦
ስለ ዝናቡ ይጀምራል፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ እናትህ ጤና፣
ድድህ ይደነዝዝና
ቋ!
ሥሩን አንተ የማታውቀው ነገር በታገርት መዳፍ ላይ።

ቦንድ የገዛ ሰው ደረቱ ላይ ቁልፍ ይሰካለታል፤
ያልገዛው በባዶ ደረቱ ይታወቃል።
ሦስት ሰው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ
አራተኛው ወንበሩ እሾህ ይሆንበታል።

ከዚያ ሁለተኛው ጥቅል። መንደር ሲቃጠል፣
እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከጠላት ስትሸሽ፣ ስትከለል፣
በጢሱ መሐል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ ነጭ ውሻ ሲሮጥ።
ያን ውሻ አውቀዋለሁ!
ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኮሜዲ ላይ፣
ጎተራው ተያይዞ ወፍራሙ ሰውዬ ሱሪው ሲወልቅበት፣
ያው ውሻ፣ ያው ጢስ፣ ያው የተሰበረ አጥር፤
ያኔ ሆዳችንን እስኪያመን ስቀን ነበር።
አወቅሁት።
አወቅሁትና አለቀስኩ፤
በአንድ እጄ እያዞርኩ በሌላው እንባዬን ጠረግሁ።
ሌላው «አታለሉን» ይበል፤
እኔ ማገዶውን ቆጥሬ ነው የነደድኩ።

ያስለቀሰኝ ፒያኖው ነው። ኦቲሊ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣
በግራ እጇ ደወል፣ በቀኝ እጇ የሕፃን ለቅሶ
ታወርድ ነበር፣ በሳምንት ሁለት ዶላር።

የዚያን ሌሊት የሄድነው አሥራ አንድ ሆነን ነው።
ቢጫ ቀለም በባልዲ።
«ጀርመን ናት፣ በቋንቋዋ ነው የምትጸልየው» አለ አንዱ፤
ልጆቹን ፒያኖ ያስተማረችለት እሱ ነው።
እኔ በሯን ቀለም አልቀባሁም።
እንዲህ እያልኩ ሃያ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፦ አልቀባሁም።
ፋኖስ ነው የያዝኩት። ሙያዬ ነው፤
በዚያች ከተማ እኔ ካላበራሁ ምንም አይታይም።

በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ነበር።
መንደሩ ነደደ፣ እናትየዋ ሸሸች፣
ውሻውም ያለ ፒያኖ ሲሮጥ ውሻ ብቻ ሆነ።
ከፊት ወንበር አንድ ልጅ ሳቀ።

አሁን ሌላ ጦርነት ነው። ታገርት ሞቷል፤
ማሽኑም ራሱ ይዞራል፣ ራሱ ይናገራል።
ድምፁ ወጥ ቤታችን ድረስ ገብቶ፣ ከምድጃው ጎን፣ በሬዲዮ፣
ለስለስ ብሎ፣ እንደ ዘመድ፣
ስለ ዝናቡ ይጀምራል፣ ስለ በቆሎው...
ድዴ ሲደነዝዝ ይሰማኛል።
ሄስተር ሳሏን ውጣ ታዳምጣለች።
ልጇ ኮራ፣ «አጎቴ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።
ይሄኛው ምናልባት እውነት ይሆናል። የጨነቀኝም እሱ ነው፤
እውነቱም ውሸቱም በአንድ ጉሮሮ፣ በአንድ ዝናብ ነው የሚመጣው።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።
ልዝጋው? ከፍ ላርገው?
ዕድሜ ልካችንን ቁልፍ ስንበሳ ኖርን፤
ምን እንደሚቆልፍ ጠይቀን አናውቅም።
ሰውዬው ይቀጥላል።
ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ ሆኖታል።