ማሳረፊያ

በክረምት ነው ያገኘነው፣ ከአዘዞ ማዶ ካለ ጎተራ፣
ከተሰበረ ሞፈር ጋራ፣ ከተቀደደ እንቅብ ጋራ፤
አውታር የለው፣ እንዝራ የለው፣ አንድ ቀንበር፣ ሁለት ምሰሶ፣
ዶሮ አድራበት ገበቴው ላይ፣ ቆዳው በአይጥ ጥርስ ተበጣጥሶ።
«ውሰዱት» አሉን አያ ጫኔ፣ «እኔ ቤት ምን ሊረባ?
አያቴ ይደረድሩት ነበር፣ ሁዳዴ ሲገባ።
ጥርሴን ሳልነቅል ነው ያ፣ ድምፁን አላስታውሰውም፤
ሲጀምሩ ግን ትዝ ይለኛል፣ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም።»

ስንዱ ከዩኒቨርሲቲ መጣች፣ ጓንቲና ሜትር ይዛ፣
የትሉን ቀዳዳ ቆጥራ፣ የስንጥቁን መንገድ ተጉዛ፣
ገበቴውን አሸተተችና «ዋንዛ» ብላ ጻፈች።
እኔ ማሲንቆ መቺ ነኝ፤ ሰርግ ቤት፣ መሸታ ቤት፤
ለሞቅታ እንጂ ለጥናት ጭራ ወጥሬ አላውቅም።
«ጣትህን አውሰኝ» አለች። አዋስኋት።
«የዛሬ እጅ እንዳያሳስተን፣ ማንንም እንዳትጠይቅ።»

«ናይሎን እናድርግበት» አልኩ፤ «የጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ
ጥቅልሉን በርካሽ ይሸጣል፤ ከእኛም በላይ ነው ነዋሪ።»
«ይህ እንጨት ናይሎን አያውቅም።» አንጀት ፍለጋ ወጣን፣
ቅዳሜ ገበያ፣ ልኳንዳ በር፣ ባልዲ ይዘን ቆምን።
ሥጋ ሻጩ እስኪያስለው ሳቀ፦
«የሰው አንጀት የሚበላው
ለካ የበግ አንጀት በልቶ ነው!»

በቀሃ ውሃ አጠብን፣ በቢላ ጀርባ ፋቅን፣
ግቢው ሸተተ፤ ከአከራዬ ሁለት ሳምንት ተኳረፍን።
ከምስማር እስከ ምስማር፣ ጥላ ላይ፣ እየገመድን ወጠርን፤
አንዱ ተበጥሶ የስንዱን ጉንጭ እንደ አለንጋ ገረፋት፤
አሥር ለማግኘት ሃያ ሦስት ፈተልን።
እንዝራውን ከአያ ጫኔ አሮጌ ቀበቶ ቆረጥን፣
አውታሩ እንዲነዝር፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ።

ቅኝቱ ላይ ነው የተጣላነው።
ስልኳ ቁጥር ይናገራል፣ መርፌው ግራ ቀኝ ይዋልላል፤
«የቱ ነው ልኩ?» ስላት፣
«ልኩ የሽማግሌው ጉሮሮ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተቀብሯል።»
ግንቡን የሚያስጎበኝ ልጅ «እዚህ ይዘፈን ነበር» ይላል፤
እኔም ሄጄ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤
ኖራው ቀዝቃዛ ነው። ድንጋይ የሰማውን አይደግምም።
ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ፤ አሥሩም አውታር ረገበ፤
የሦስት ቀን ቅኝት በአንድ ከሰዓት እንደ ቅቤ ቀለጠ።
ስንዱ ደብተሯን ወረወረች። እኔ ግን
«ያኔም ይዘንብ ነበር» አልኳት።

በሳምንቱ አያ ጫኔ መጡ፣ በቡትቶ የተቋጠረ ይዘው፤
ከጣራው ማገር ሥር ነው አሉ፣ ተሸጉጦ ያገኙት።
ፈታነው። አሮጌ አውታሮች።
ስድስቱ ሳስተው፣ ተበጥሰው፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ፤
አራቱ ጤነኞች፣ አንድም ቦታ ያልተቀጠሉ፣
ግን በጣት ወዝ ጠቁረው እንደ ዘቢብ የሚያበሩ።
«ሳይመቱ ምን አጠቆራቸው?» አለች ስንዱ።

አፈርኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አሥሩንም ስመታ ከርሜያለሁ፣
የተወጠረ ሁሉ መጮኽ አለበት ብዬ፣ እንደ ሰርግ ቤት።
ጣት ግን መትቶ ሲመለስ የሚያርፍበት ይሻል፤
አራቱ ለዚያ ነው የተወጠሩት።
(ኋላ አንድ የበገና መምህር ሰምተው ሳቁብን፤
«ይህንንማ ተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።»)

ማታ ደረደርኩ። ስድስቱን መትቼ፣ በአራቱ አርፌ፣
ጣቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት እንዳለው ሰው።
አያ ጫኔ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ።
«ይህ ነበር?» አለች ስንዱ፣ እርሳሷን አዘጋጅታ።
«ድምፁን እንጃ» አሉ። ቆዩ።
«መሃል መሃል ዝም ሲል ግን… እሳቸው ናቸው።»

የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ አላወቀችም፤
እርሳሷ ደብተሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።
ደመናው ከአንገረብ በኩል እየመጣ ነበር፤
መቃኛውን ያዝኩ።