ጨውና አምፖል

ከፒያሳ ወደ ሠራተኛ ሰፈር በሚወርደው መንገድ ዳር
አንድ ክንድ ተኩል ሱቅ አለችኝ፤ መዋያም ማደሪያም።
ከፊቷ መስታወት፣ የቆሙ ሰዓቶች፣
ከመጋረጃው ጀርባ አንድ የዓሣ ገንዳ፣
በገንዳው ውስጥ ደግሞ ከትናንት በስቲያ ዋና የጀመሩ
ዓይንና ጭራ ብቻ የሆኑ ልጆች።
ደረቅ ምግብ ብበትን ዞር ብለው አያዩም፣
የማይሸሽ ነገር ምግብ አይመስላቸውም።

ስለዚህ የሃይላንድ ቂጡን ቆርጬ ጣልኩኝ፣
አፉን ወደ ታች አርጌ ከሚስማር ሰቀልኩኝ፤
ያልተፈጨ ጨው፣ የአፍዴራ፣ ሁለት ማንኪያ፣
የአየር ቱቦ ከሥር፣ አምፖል ከጎን ማሞቂያ፣
ከዚያም በቢላ ጫፍ ከጣሳው ቆንጥሬ
እንቁላሉን ነሰነስኩ ትንፋሼን ቋጥሬ።

ሽሪምፕ ነው ይላል የጣሳው ሥዕል።
ለዓይን ቡናማ ብናኝ ነው፣ ከጤፍ ያነሰ፣
ከሩቅ አገር ጨው ሐይቅ ዳር የታፈሰ፤
ሞቷል እንዳይባል ነገ ይዋኛል፣
አለ እንዳይባል ዓመት ሙሉ አልተነፈሰ።
የቆመ ሰዓት ነው። አልተሰበረም።
የሚሞላው ብቻ ነው ያጣው።

እትዬ ደብሪቱ፣ ጎረቤቴ፣ ክርና አዝራር ሻጭ፣
አንገቷን አስግጋ ጠርሙሱን አየች።
«ጨው በመብራት ያፈላል! ምን ሊያስደግም ይሆን?»
ብላ ለሊስትሮው ስትነግር ሰማሁ።
ሥራዬን ቀጠልኩ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ፓምፑ ጉርጉርታውን ተወ፣
ብናኙ ቀስ እያለ ወደ ታች ይዘቅጣል፣
ጠርሙሱን ነካሁት፤ እንደ ቁልፍ በረደ።

ቱቦውን ነቅዬ ባፌ ነፋሁበት።
አንድ ትንፋሽ፣ ዕረፍት። አንድ ትንፋሽ፣ ዕረፍት።
ስንት ደቂቃ እንደነፋሁ እንጃ፤
ግድግዳዬ ላይ ያሉት ሠላሳ ሰዓቶች
ሠላሳ ዓይነት ወሬ ነው የሚያወሩት።

በሩ ተንኳኳ። «ማነው በጨለማ የሚጉመጠመጥ?»
እትዬ ደብሪቱ፣ ባንድ እጇ ባትሪ፣ በሌላው ፔርሙዝ።
«ልጆች ናቸው» አልኳት፣ «ሊፈለፈሉ ሲሉ ብርድ ቀደማቸው።»
ሌላ አልጠየቀችም። ለሻይ ያፈላችውን ውኃ
ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጠች፣ ጠርሙሱን ነከርንበት፣
ሹራቧን አውልቃ ዙሪያውን ጠመጠመች።
ተራ በተራ ነፋን። ስትነፋ ጉንጯ
እንደ ጥሩንባ ነፊ ያብጣል፤ ሳቅሁ፤ ተቆጣችኝ።

ሲነጋጋ ባትሪውን ከሥሩ አበራች።
መጡ።
ብርሃኑን ሲያዩ ከያሉበት መጡ፣
እንደ ብርቱካን ጭስ ተግተልትለው ወረዱ።
የሰዓት መነጽሬን አዋስኳት፤ አየቻቸው፣
ለያንዳንዱ አንድ ዓይን ብቻ፣ በክንድ የሚቀዝፉ፣
ከአንድ ነጥብ የሚያንሱ።
«እሰይ! እሰይ የኔ ሆዶች!» አለች።
ክርስትና ልታነሣቸው ምንም አልቀራት።

እኔ ግን በመሐረብ አጠለልኳቸው፣
ጨዋቸውን በንጹሕ ውኃ አጥቤ
በመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ወደ ገንዳው ጣልኳቸው።
አንዱ የዓሣ ልጅ ወገቡን እንደ «ር» አጎበጠ፣
አነጣጠረ፣
ዋጠ።

«አንተ!» አለች። «ለዚህ ነው እንዴ
ሌሊቱን ሙሉ በሻይ ውኃዬ ያሞቅኳቸው?»

ምን ልበላት? ሰዓት ሠሪ ነኝ።
የቆመን አስነሣለሁ እንጂ
ለማን እንደሚቆጥር ጠይቄ አላውቅም።

ዝም ብላ ቆመች። በገንዳው ውስጥ
እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ሆዳቸው
አንድ ባንድ ቀላ፣ አንድ ባንድ በራ፤
መብራት በሌለበት ቤት ሁለት መቶ ፋኖስ።
ሹራቧን አነሣች። ደህና ዋልም አላለች።

ማታ፣ ሱቁን ገርበብ አድርጌ
የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ፔርሙዙ ተቀምጧል።
ክዳኑን ስከፍተው፣ እንፋሎት።
መብራት ግን መጥቶ ነበር።