ሩብ ማይል

እሑድ ነው ማለዳ፣ ከሳጊናው ዳርቻ፣
በቆሎ ግራ ቀኙ፣ መሐሉ አስፋልት፣ ሰው የለም፣ እኛ ብቻ።
ከእህሉ ጎተራ እስከ ውሃው ታንከር
ሩብ ማይል ነው ይላል አጎቴ ኦዴል፣ ሲምል ሲከራከር፤
በርምጃ ለክቶታል፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣
ወንድሙ ላይል፣ አባቴ፣ በሕይወት እያለ።

የእሱዋ ፖንቲያክ ናት፣ የሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣
ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ የምታሳልፈው ብርድ ልብስ ደርባ፤
ነዳጅ ስትጨልጥ ሠርገኛ የመሰለች፣
በማርሚታዋ ጩኸት የጎረቤት መስኮት እየነቀነቀች።
ለመነሣት በብርድ ሦስቴ አስሏት፣ ሁለቴ ተቆጥታ፣
እንደ ሹም ደጅ አስጠንታ፣ እሺ የምትለው ኋላ ነው፣ ዘግይታ።

የኔይቱ አዲስ ናት። ከሆስፒታል ሌሊት፣ ከትርፍ ሰዓት ሥራ
ዶላር በዶላር ላይ ያጠራቀምኩባት፣ ስሰጋ ስፈራ።
ቁልፍ እንኳ የላትም፤ ስልኬን ታውቀዋለች።
ግድግዳ ላይ ተሰክታ ታድርና ሲነጋ ጠግባለች።
የሞተር ድምፅ ካሻኝ ከድምፅ ማጉያ ነው፣ የተቀዳ ጩኸት፣
እንደ ቅጥር አልቃሽ፣ እንባ የሌለበት።

ተሰለፍን። የጎረቤት ልጅ ጃማሪ ኮፍያውን አወረደ፤
ፔዳሉን ስረግጥ ልቤ ወደ ጀርባዬ ሄደ።
ጭስ የለ፣ ጓጓታ የለ፣ ማርሽ መቀየር የለ፣
በቆሎው ቀለጠ፣ አረንጓዴ ውሃ ሆኖ ተንከባለለ።
ታንከሩ ሥር ደርሼ፣ ቆሜ፣ መስኮቴን ከፍቼ
ነጎድጓዱን ሰማሁ፣ ገና ሲመጣ፣ ወደ ኋላ ዞሬ አይቼ፤
አጎቴ በሁለት እጁ መሪው ላይ ጠምጥሞ፣
እንደ ወይፈን ቀንድ ይዞ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ የአንገቱ ሥር ቆሞ።

ተሸነፈ። ሳቀ።
ኦዴል አይሰማም፤ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲደበድብ ጆሮው አለቀ።
ሞተሯን የሚያዳምጣት በመዳፉ ነው፣ ኮፈኗ ላይ ጥሎ፣
ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያደምጥ፣ ዝቅ ብሎ።

ወደኔዋ መጣ። እጁን አሳረፈ። ቆየ። ምንም የለም።
«ልቧ የታል?» አለኝ። ከንፈሬን እንዲያነብ ቀና ብዬ፣
«ከወለሉ ሥር ነው፤ ግን አይመታም።»

ሊያሾፍ ነው ብዬ ነው፣ የሽማግሌ ወግ፣ «ድሮ ቀረ» ሊለኝ፣
ብረት ስንል ብረት፣ ሰው ስንል ሰው ነበር ብሎ ሊያንጓጥጠኝ።
እሱ ግን ጎንበስ አለ፤ በቸርኬው ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ
የፍሬኑን ዲስክ ዳሰሰ፣ ትኩሳቱን ንቆ፣ ውፍረቱን ለክቶ።
«የት ላይ ያዝሻት?» አለ። «እዚያ፣ ምሰሶው ጋ» አልኩት።
ርምጃ ቆጠረ። ተመልሶ ደግሞ ቆጠረ። አየሁት።

አባቴ የሞተው በዚሁ መንገድ ነው፣ ከታንከሩ ወዲያ፣ ኩርባው ላይ፣
በፖንቲያኳ መንታ፣ እኔ ማኅፀን ሳለሁ፣ እኔና እሱ ሳንተያይ።
መሮጥ ታውቅ ነበር። ማንም አልቀደማት።
መቆም ነው ያላስተማሯት።

ኦዴል ቀና አለ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ እኔ ሰማሁለት።
«ሃያ ርምጃ» አለ። «ሃያ ርምጃ ብቻ ነው ያኔ የጎደለበት።»

ከዚያ ስልኬን ወሰደ፣ ቁልፉን ወረወረልኝ፣ ያን ከባድ ብረቱን፦
«አንቺ ንጃት ወደ ቤት። ከኩርባው በፊት፣ ገና ከሩቅ፣
ለምኛት ፍሬኗን።»

አስላት፣ ተቆጥታ፣ ተነሣች፤ ጥርሴ ውስጥ ገባ ጩኸቷ።
ከሩቁ ለመንኳት። እያጉረመረመች ሰማችኝ፣ አይ ኩራቷ!
እሱ ከኋላዬ፣ በዚያች ድምፅ አልባ፣ ይከተለኛል፤
በስፖኪዮ ሳየው፣ አንድ እጁ ዳሽቦርዱ ላይ፣
ትርታ ይፈልጋል።