ሠላሳ ዲግሪ

የእኔ ልጅ ሙአዝ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
የጎረቤት አቮካዶ ነው ሐሙስ የጣለው።
አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ቁስል የለበትም፤
ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ደም አልነካውም።
ማታ ግን አስታወከ፤ ምላሱ ተያዘ፤
በባጃጅ ስንከንፍ በሂርማታ በኩል፣
ራሱ እንደ እርጥብ ግንድ ክንዴን አደነዘዘ።

ሐኪሟ ፊልሙን ከአምፑል ፊት ይዛ፣
«ደም አልፈሰሰም» አለች፤ «ደሙ ነው የበዛ።
የደም ሥር በሮቹ በምቱ ደንግጠው ወለል ብለው ቀሩ፤
ገባ፣ ገባ፣ ገባ፤ አንጎሉ አበጠ በጠባቡ አጥሩ።»

ማር ሲበዛ መረረ ሲባል ሰምቻለሁ።
ሚስቴን ሙንተሃን ደም አነሳት ሲሉኝ
ጉበትና ቀይ ሥር ተሸክሜ ገባሁ፤
ልጄን ደም በዛበት ሲሉኝ ግን
ምን ይዤ ልምጣ? ባዶ እጄን ቆሜ ቀረሁ።

እንጨት ግን አውቃለሁ።
ዋንዛ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ልኩን ይረሳል፤
መሳቢያው ከቤቱ አልወጣም ይላል፤
እጀታውን ብትጎትት እጅህ ላይ ይቀራል፤
ጎኑን ብትመታው ይሰነጠቃል።
ለዚህ ነው አናጢ የጥፍር ውፍረት ክፍተት የሚተው።
የልጄን ራስ ቅል የሠራው ጌታ ግን ክፍተት አልተወም።
ጠየቅሁት እንጂ አልከሰስሁትም።

«ራሱን ከፍ እናድርግ፣ ሠላሳ ዲግሪ፤
አንገቱ ቀጥ ይበል፤
ደሙ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይውረድ።»
የአልጋው ማንሻ ዝጎ ተሰብሯል።
ነርሱ ትራስ ደራረበ፤ ትራስ አንገት ያጥፋል።
«ቆዩኝ» አልኩ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ዝናብ። አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ይገፋል።
ሱቄን ከፈትኩ፤ ለሙሽራ በርጩማ ብዬ
ሁለት ዓመት ያደረቅሁትን ዋንዛ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።
መጋዝ። መላጊያ። የስልኬ መብራት በጥርሴ።
እንጨት ስለካ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤
እርሳስ በእጄ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ሽብልቁን ከፍራሹ ሥር ገፋሁት።
ማዕዘን መለኪያዬን አስጠጋሁ፤ ሠላሳ፤
እንደገና፣ ሠላሳ፤
ሐኪሟ ዞር ስትል አንድ ጊዜ ደግሞ።
ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ አለቀ፤
መቀመጥ ብቻ፤ ሰጋቱራ ከጢሜ እያራገፍሁ፣
አንገቱ ላይ የምትዘለውን ሥር እያየሁ፣
«ቀስ በይ» እያልኳት፣ «ቀስ፤ ቤቱ ጠባብ ነው።»

ሁለት ሌሊት አለፈ። በሦስተኛው፣ ጎህ ሲቀድ፣
ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።
«አባ» አለኝ፣ «ይሄ አልጋ ያንሸራትታል።»

ስንት ደንበኛ ሥራዬን ነቅፏል፤
ወላሂ፣ እንዲህ ደስ ያሰኘኝ ነቀፋ የለም።