ከማኮብኮቢያው ጥግ

ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ጅማ አየር ማረፊያ
ሣር ሳጭድ፤ ማጭድና ሞረድ ነው መተዳደሪያ።
አጥር የጣሰ ጥጃ ማባረር፣ ነፋስ የጣለውን የሻንጣ ወረቀት መልቀም፤
ስንቱን ከመሰላሉ ሥር ሸኝቻለሁ፣ ተሳፍሬ ግን አላውቅም።

ረዚቃ በልጅነቷ፣ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ፣
ሽቦውን ጨብጣ፦ «አባ፣ ይኼ የት ሊሄድ ነው የሚወጣ?»
«አዲስ አበባ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ…» እላለሁ፣ ማጭዴን እየሞረድኩ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን መች አወቅኩ።

ሃያ ዓመት የሞላት ጊዜ የዐረብ አገር መንገድ በሕግ ተዘጋ።
ደላላው አጂፕ ሰፈር ሻይ ጋበዘኝ፤ አስረዳኝ በዝግታ፣ ሳይሰጋ፦
«ትኬቷ ከናይሮቢ ነው። እስከ ሞያሌ በመኪና፣ ከዚያ ትንሽ በእግር።»
«ትንሽ» ያላት ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች፣ እንደ ጫማ ጠጠር።
ከቤቴ እስከ አውሮፕላኑ ደጃፍ አርባ ደቂቃ ነው፣ ቀስ ብሎ ለሄደ፤
የልጄ መንገድ ግን፣ ለመብረር፣ መሬት ለመሬት ወረደ።

የሥራ ቦት ጫማዬን ሰጠኋት። ሰፋት።
የለቀምኳቸውን የሻንጣ ወረቀቶች ጠቅጥቄ አፍንጫውን ሞላሁላት፤
እንዲህ ሆኖ፣ ድንበሩን ስትሻገር
የማላውቃቸው ሰዎች ስም ከእግሯ ጣት ጋር ነበር።

ጅዳ ደርሳ በስልክ ነገረችኝ፦
«ጨረቃ የለም። ዘጠኝ ሴቶች ነን፤ አንዷ ታስላለች፣
አፏን በሻሿ ታፍናለች።
ደረቅ ወንዝ፣ እሾህ፣ ደግሞ እሾህ። ‹ድንበሩ የት ነው?› አልኩት መሪውን፤
‹አልፈሽዋል› አለኝ፤ ‹ቅድም፣ ያ ግራር ጋ ስትነቅዪ እሾሁን።›
ግንብ መስሎኝ ነበር፣ አባ። ቢያንስ ገመድ።
ምንም የለም። ያው አፈር ነው፣ ያው መንገድ።»

ናይሮቢ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤
ቦቱን መጸዳጃ ቤት ትታ በሸበጥ ገባች።
በመስኮት አንድ ሰው ሣር ሲያጭድ አየች፤
«በመኪና ነው አባ፣ ቁጭ ብሎ!» ብላ ሳቀችብኝ፤
እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ነው የከበደኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከፊቷ ባለው ካርታ፣ ነጭ ነጥብ ወደ ሰሜን እየተሳበ፣
በስተግራ «ጅማ» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ቀረበ፣
አለፈ።
ስድስት ቀን የወረደችው መንገድ በሰዓት ከሩብ ታጠፈ።
«በአጠገባችሁ አለፍኩ» አለች፤ «ሌሊት ነበር።»
ምን ልበላት? ተኝቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ፣ ጅማ የማያርፈውን፣ ከፍ ብሎ የሚያልፈውን ድምፅ ስሰማ እነሳለሁ፤
ግቢው መሐል በባዶ እግሬ ቆሜ አንጋጣለሁ።
አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች፤
ወደ ቦዬ በኩል ዛፎቹ ይጋርዷታል፤ ትጠፋለች።

የሻንጣ ወረቀት አሁንም እለቅማለሁ። ፌስታል ሞልቷል። ለምን እንደሆነ እንጃ።
ሣሩ ግን ያው ነው፤
ሐሙስ አጭጄው፣ ሰኞ ጉልበት ይደርሳል።