ብሉግራስ በሸራ ጀልባ ክበብ፣ ኮርንዎል

የነፍስ አድን ሰደርያው ከሚስማሩ ወረደ፣
በቦታው ዴንዚል ተቀመጠ፣ የጥርስ ሐኪሙ፤
ባንጆው እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ፣ ነደደ፣
የቢራ ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ አዘገሙ።

ሞርዌና ቫዮሊኗን በአገጯ ይዛ ተከተለችው፤
የኬንታኪን ኮረብታ በካርታ እንኳ አታውቀው፣
ቀኑን ዓሣ ስትመዝን ውላ ነው የመጣችው።

ውጭ ባሕሩ ሸሽቷል።
ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል፤
አንድ ገመድ ብቻ ምሰሶውን ይኮረኩማል፣
ቀጭ... ቀጭ... ከምቱ ግማሽ ዘግይቶ።

ፔትሮክ ሰማው። ቢራውን ትቶ፣
ቦቲውን ስቦ፣ በጭቃው ዳክሮ ደረሰባት፤
የሠላሳ ዓመት ጀልባው ናት፣ ትናንት የሸጣት።
ገመዱን ሊያስር እጁ ተዘረጋ፣
ተሰበሰበ። «የሰው ንብረት»
ብሎ ተመለሰ።

አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ዴንዚል ሌላ ጀምሯል፤
የፔትሮክ እግር ወለሉን ይመታል፣
ቀጭ... ቀጭ...
ምቱ ግን የባንጆው አይደለም።